ምሰሶ መውጣት ድፍረት ነው ወይስ ሙያ?

ባለፈው ወር የፈተና ሰሞን የደረሰብንን ጨለማ የረሳችሁት አይመስለኝም። ማታ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ ከግቢያችን በታች ካሉት ባሕር ዛፎች አንዱ ተገንድሶ ሽቦው ላይ ወደቀና መብራቱ ድርግም አለ። ከየመኝታ ክፍሉ የተሰማው ጩኸትና እርግማን እዚህ ላይ የሚጻፍ አይደለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ተራግሜአለሁ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አንድ የመስመር ሠራተኛ ከረዳቱ ጋር መጣ። ዕድሜው አምሳን የተጠጋ፣ ቀጠን ያለ፣ ነገሩ ሁሉ ቀስ ያለ ሰው ነው። ብዙዎቻችሁ ከክፍል ወጥታችሁ ከበባችሁት። ታዲያ ከመካከላችን አንዱ ሠልጣኝ፣ «ይኼ ደግሞ ምን ሙያ ነው? ታናሽ ወንድሜ ቀፎ ለመስቀል ከዚህ የረዘመ ዛፍ በባዶ እግሩ ይወጣ የለም እንዴ!» ሲል ተናገረና ሳቅ ሆነ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ለምን እንዳልሳቅሁ ለመናገር ነው ዛሬ ብዕር ያነሣሁት። ሠልጣኙን ለመውቀስ አይደለም፤ ስሙንም አላነሣም። ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም የበለጠው ጥፋት የእኔና የመሰሎቼ እንደሆነ ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ እስቲ ሰውየው ምን እንዳደረገ እናስታውስ። ከመኪና እንደ ወረደ ወደ ላይ አልወጣም። ሃያ ደቂቃ ያህል መሬት ላይ ነበር። ምሰሶውን ዞረው። በመዶሻ ከታች ጀምሮ እየደጋገመ መታው፤ ጆሮውንም አስጠግቶ አዳመጠ። ጤነኛ እንጨት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የበሰበሰ ወይም ምስጥ የበላው ደግሞ እንደ ባዶ ከበሮ ያስተጋባል። ከዚያም ከምሰሶው ሥር ያለውን አፈር በዶማ ጥቂት ጫር አድርጎ ተመለከተ። እንጨት ፈጥኖ የሚበሰብሰው ከመሬቱ ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ እርጥበትና አየር በሚገናኙበት ቦታ ነውና። 10 ሜትር የሚረዝም ምሰሶ 1.6 ሜትር ያህሉ ተቀብሮ ነው የሚቆመው። ከላይ ያማረ ሆኖ ከታች ያለቀ ምሰሶ፣ ሽቦው ሲፈታለት ወይም የሰው ክብደት ሲያርፍበት ከነሰውየው ይወድቃል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ገና አንድ እርምጃ ሳይወጣ ነው።

ሲወጣስ? ከጫማው ጋር በጠፍር የታሰረውን ሹል የመውጫ ብረት እንጨቱ ላይ እየተከለ፣ ቀበቶውን በምሰሶው ዙሪያ አዙሮ ከወገቡ ጋር አያይዞ፣ በየእርምጃው ቀበቶውን ከፍ እያደረገ ነበር የወጣው። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ሰውነቱን ከእንጨቱ አርቆ ነበር፤ ጉልበቱ እንጨቱን አይነካም፤ ክብደቱ ሁሉ እግሩ ላይ ነው። ከወረደ በኋላ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «መምህር፣ ጀማሪ ሲፈራ እንጨቱን ያቅፋል። ያቀፈ ዕለት ብረቱ ከእንጨቱ ይነቀላል፣ ሰውየው ደረቱን እየተላጠ ይወርዳል። እኛ በመጀመሪያ የምንማረው አለማቀፍን ነው።» ነገሩ ግልጽ ነው። ብረቱ እንጨቱን የሚነክሰው እግር በተወሰነ ማዕዘን ሲያርፍ ነው። ወደ እንጨቱ ስንለጠፍ ማዕዘኑ ይበላሻል፣ ንክሻውም ይለቃል። ተፈጥሮ «እቀፍ» ስትል ሙያ «ራቅ» ይላል። ድፍረት ብቻ ያለው ሰው ተፈጥሮውን ይከተላል፤ የሠለጠነ ሰው ግን ፍርሃቱን አምኖ ሥርዓቱን ይከተላል። ለእኔ በድፍረትና በሙያ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

ቀፎ የሚሰቅለውን ልጅ አልናቅሁትም። እሱም የራሱ ጥበብ አለው። ነገር ግን ዛፉ ላይ ያለው ጠላት አንድ ነው፤ ከፍታ። ምሰሶው ላይ ሁለት ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ አይታይም፣ አይሰማም፣ አይሸትም። ንቧ እንኳ ከመናደፏ በፊት ድምፅ ታሰማለች። ኮረንቲ ግን ከያዘ በኋላ ነው የሚያሳውቅ።

በዚህ የተነሣ ነው የመስመር ሠራተኞች በመላው ዓለም የሚጠብቋቸው አምስት ሕጎች የወጡት። አንደኛ፣ መስመሩን ማቋረጥ። ሁለተኛ፣ ሌላ ሰው መልሶ እንዳይለቀው ማብሪያውን መቆለፍና ማስጠንቀቂያ መስቀል። ሦስተኛ፣ ኃይል አለመኖሩን በመለኪያ ማረጋገጥ። አራተኛ፣ ሽቦዎቹን እርስ በርሳቸውና ከመሬት ጋር ማያያዝ። አምስተኛ፣ በአቅራቢያው ኃይል ያለበት ሌላ ክፍል ካለ መከለል። የእኛም ሰው ሦስተኛውንና አራተኛውን ሲፈጽም «ጠፍቷል አይደል እንዴ፣ ምን ያስፈራዋል?» ብሎ የተነጫነጨ ነበር። እስቲ ለምን እንደሚፈራ እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1889 በኒው ዮርክ ከተማ ጆን ፊክስ የሚባል የቴሌግራፍ መስመር ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሞቱ ሽቦዎችን ያጸዳ ነበር። የቴሌግራፍ ሽቦ ሰው የሚገድል ኃይል አይኖረውም፤ እሱም ይህን ያውቃል። ነገር ግን ከዚያ ራቅ ባለ ሌላ ቦታ ያ ሽቦ ከከፍተኛ ቮልት መስመር ጋር ተነካክቶ ነበር። ሰውየው በጠራራ ፀሐይ፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እያየው ሽቦዎቹ መካከል ተንጠልጥሎ ሞተ። በከተማይቱ ታላቅ ቁጣ ተነሣ፤ ሽቦዎቹ ከአየር ላይ ወርደው ከመሬት በታች እንዲቀበሩ የተደረገው ዘመቻም ከዚያ በኋላ ተፋፋመ። በ1891 እ.ኤ.አ. በሴንት ሉዊስ ከተማ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር ሲያቋቁሙ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር የሆነው ሄንሪ ሚለር ራሱ የመስመር ሠራተኛ ነበር። እሱም በ1896 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሳለ ኮረንቲ መትቶት ከምሰሶ ወድቆ ሞተ። እንግዲህ ዛሬ እኛ «ሥርዓት» የምንላቸው አምስቱ ሕጎች በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ የተፈለሰፉ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የሰው ሕይወት ተከፍሎባቸዋል።

«ይህ የጥንት፣ ያውም የአሜሪካ ታሪክ ነው» የሚለኝ ይኖራል። እንግዲያው ወደ አረካ ልመልሳችሁ። መብራት ሲጠፋ በከተማችን ዋና መንገድ ዳር ምን ይሰማል? የጀነሬተር ድምፅ አይደለም ወይ? ፀጉር ቤቱ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ጭማቂ ቤቱ ሁሉ ትንሿን ጀነሬተር ያስነሣል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን ባለቤቱ የቤቱን መስመር ከውጭው መስመር የሚለይ መቀየሪያ ሳያስገጥም፣ የጀነሬተሩን ገመድ እንዲያው ሶኬት ላይ ከሰካው ምን ይሆናል? ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ወደ ትራንስፎርመሩም ይደርሳል። ትራንስፎርመር በሩ በአንድ በኩል ብቻ የሚከፈት ቤት አይደለም። ከላይ የመጣውን 15,000 ቮልት ወደ 380 እና 220 ዝቅ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ከታች የገባውን 220 መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ዋናው ማብሪያ ተቋርጧል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሰው እንግዲህ እጁን የሚዘረጋው ሺህዎች ቮልት ባለው ሽቦ ላይ ነው። የገደለው ማነው? ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ፀጉር የሚያስተካክለው፣ በሕይወቱ ሰው ገፍቶ የማያውቅ ጎረቤታችን። መለኪያውና የመሬት ማያያዣው ገመድ ለዚህ ነው የሚያስፈልጉት። ፊክስን የገደለው ሽቦና የእኛ ጀነሬተር አንድ ናቸው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ይህን ክፍል ለመጻፍ ብዙ አመንትቼ ነበር፤ ግን ሳልጽፈው ብቀር ከላይ ያልኩት ሁሉ ወሬ ይሆናል።

ከዓመታት በፊት በአንዲት የገጠር ከተማ 8ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። መስከረም ላይ፣ ጊፋታ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ፊውዝ ተቃጠለ። ስልክ ተደወለ፣ ሰው ተላከ፤ «ነገ» ተባለ፤ ከዚያም «ከነገ ወዲያ» ተባለ። ለበዓሉ ሥጋ የገዛ አለ፣ እህል የሚያስፈጭ አለ፣ ልጅ የሚድር አለ። በመጨረሻ ጎረቤቱ ተሰብስቦ «ለሚወጣልን ልጅ እናዋጣ» አለ። እኔም 50 ብር አዋጣሁ። አንድም ቃል አልተናገርኩም። የወጣው ልጅ ካለፈው ዓመት ተማሪዎቼ አንዱ ነበር፤ 17 ዓመቱ ነው፤ ጎበዝ ነው፤ ዛፍ ለመውጣት ተወዳዳሪ የለውም። ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ይዞ ወጣ። ፊውዙን በዚያ አጣና ገፍቶ ሊመልሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ካፊያ ብጤ ጥሎ ነበር።

ሰማያዊ ብልጭታ አየን፤ እንደ ጥይት ያለ ድምፅም ሰማን። ልጁ ከታች ባለው የእንሰት ጓሮ ላይ ወደቀ። አፈሩ ለስላሳ ስለ ነበር ሕይወቱ ተረፈ። ቀኝ እጁ ግን ከክርኑ በታች ተቆረጠ።

ሆስፒታል ልጠይቀው ስገባ ሊወቅሰኝ ብሎ አይደለም፣ ነገሩ ስላልገባው ነው እንዲህ ያለኝ፦ «ቲቸር፣ እንጨቱ ደረቅ ነበር እኮ።»

ወገኖቼ፣ ያን ዐረፍተ ነገር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፦ «ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ፦ መዳብ፣ አልሙኒየም፣ ብረት። የማያስተላልፉ፦ ጎማ፣ ፕላስቲክ፣ ደረቅ እንጨት።» መጽሐፉም እንደዚያው ይላል፣ ፈተናውም እንደዚያው ይጠይቃል። ያ ልጅ በዚያ ጥያቄ ላይ ሙሉ ማርክ አግኝቷል። ጥፋቱ ትምህርቱን አለመያዙ አይደለም፤ መያዙ ነው።

እስቲ እንደ ሳይንስ መምህር እንመርምረው። እኔ በክፍል ውስጥ ያሳየሁት ሙከራ በሁለት ባትሪ ድንጋይ ነበር፤ 3 ቮልት ማለት ነው። በ3 ቮልት አምፖሏ በእንጨት በኩል አልበራችም፤ «አያስተላልፍም» ብለን ጻፍን። 15,000 ቮልት የሚባለው መስመር በሁለት ሽቦዎቹ መካከል ያለው ነው፤ በአንዱ ሽቦና በመሬት መካከል 8,660 ቮልት ገደማ ይሆናል። ይህም ከባትሪዎቼ 2,900 ጊዜ ያህል ይበልጣል። እንጨት ደግሞ ውኃ ይጠጣል፤ ከላይ ደርቆ የሚታየው ውስጡ እርጥበት አለው፤ ካፊያ ሲነካው ይባስ ይሆናል። ሰውን ለመግደል ምን ያህል ያስፈልጋል? ከአንድ አምፔር ሃያ አንድ እጅ፣ ማለትም 50 ሚሊ አምፔር፣ በደረት በኩል ካለፈ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። የረጠበ ሰውነት ተቃውሞ ወደ 1,000 ኦም ይወርዳል። 220ን ለ1,000 ስናካፍል 220 ሚሊ አምፔር እናገኛለን፤ እንግዲህ የቤታችን መብራት እንኳ ከበቂ በላይ ነው። የመስመር ሠራተኛው ያንኑ ፊውዝ የሚመልሰው በአጣና ሳይሆን ለዚያው ቮልት ተሠርቶ በተፈተነ የፋይበር ዘንግ ነው። ዘንጉን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚይዘውም፣ ቆሻሻና እርጥበት እንዳይነካው ብሎ ነው፤ ለማማር አይደለም።

ሰሌዳው ላይ ያልጻፍኩት እንግዲህ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ይህ የሚሠራው ቮልቱ ዝቅተኛ ሲሆንና ዕቃው ደረቅና ንጹሕ ሲሆን ነው።» የዚህች መስመር ዋጋ የአንድ ልጅ ቀኝ እጅ ሆነ።

«ታዲያ ሕዝቡ ለሳምንት በጨለማ ይቀመጥ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብሶቱም የሚናቅ አይደለም። ዘግይቶ የሚመጣ አገልግሎት ሰውን ወደ አጉል ድፍረት እንደሚገፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ለብሶት መልሱ ማመልከት፣ መከታተል፣ አለቃውን መጠየቅ ነው እንጂ የድሃ ልጅ በ500 ብር መላክ አይደለም። ልብ አድርጉ፤ ያን ዕለት ካዋጣነው መካከል የገዛ ልጁን ለመላክ የፈቀደ አንድም ሰው አልነበረም።

ሌላው ተቃውሞ ከሥራ ባልደረቦቼ የምሰማው ነው፦ «ይህ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የለም፤ ልጆቹንም ማስፈራራት ይሆናል።» በበኩሌ አልስማማም። የምንኖረው የት ነው? ወላይታ እኮ የሽቦ ማዕከል ሆናለች። በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራውና በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ ሦስት ኃይሉን የሚያመጣው ወደ ወላይታ ሶዶ ነው። ወደ ኬንያ ሱስዋ የሚሄደው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው 500,000 ቮልት መስመርም የሚነሣው ከዚሁ ከሶዶ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ሲዘረጋ ሕዝቡ ወጥቶ እንደ ትንግርት ያየው ነበር፤ ዛሬ ልጆቻችን ከታላላቅ ብረት ማማዎች ሥር ከብት ያግዳሉ። እናንተ ደግሞ ነገ ተመርቃችሁ የምትመደቡት እዚያው ከማማው ሥር ባለው ትምህርት ቤት ነው። ለእነዚህ ልጆች ስለ ኤሌክትሪክ አለመንገር ለዓሣ አጥማጅ ልጅ ስለ ውኃ አለመንገር ነው።

ማስፈራራትም አያስፈልግም። ከወፏ ጀምሩ። የትኛውም ክፍል ውስጥ «ወፍ ሽቦ ላይ አርፋ ለምን አትሞትም?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም። «እግሯ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ» ብላችሁ አትመልሱ፤ ስሕተት ነው፣ አደገኛም ነው። ሁለቱም እግሮቿ አንድ ሽቦ ላይ ስለሆኑ በመካከላቸው የቮልት ልዩነት ይህ ነው የሚባል አይደለም፤ ስለዚህ ኮረንቲው በእሷ በኩል የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ክንፉ ሰፊ የሆነ አሞራ ሁለት ሽቦ ወይም ሽቦና የምሰሶውን ብረት አንድ ላይ ከነካ ግን ይሞታል። ከዚህ ተነሥታችሁ ልጁ ራሱ «ታዲያ መሬት ላይ ቆሜ ሽቦ ብነካስ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ትችላላችሁ። ያን ጊዜ የሚከተሉትን አስጨብጡት። ከወደቀ ሽቦ ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ። አጠገቡ ሳያውቅ የደረሰ ልጅ እግሩን ሳይለያይ፣ መሬቱን እየጫረ በትንንሽ እርምጃ እንዲመለስ፤ መሬቱም ራሱ ኃይል ይይዛልና። ምሰሶውን በያዘው የብረት ገመድ ላይ ልብስ አለማስጣት፣ ከብት አለማሰር። ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅ አለመጎተት፤ ቤት ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ ማብሪያውን ማጥፋት፣ ውጭ ባለው ከፍተኛ መስመር ከሆነ ግን ኃይሉ እስኪቋረጥ በምንም ዓይነት እንጨት ቢሆን አለመጠጋት። ይህን ሁሉ ለማስተማር ከ40 ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ከዚህ በመነሣት ለተቋማችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሠልጣኞች ለፕራክቲከም ከመውጣታቸው በፊት አንድ የመስመር ሠራተኛ ተጋብዞ ከነመሣሪያው አንድ ከሰዓት በኋላ ያስተምረን። እኛ መምህራንም ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ደብተር እንያዝ። ሁለተኛ፣ ስለ አስተላላፊና ስለማያስተላልፉ ነገሮች የትምህርት ዕቅድ የሚያዘጋጅ ሠልጣኝ ያቺን የጎደለች መስመር ሳይጽፍ ዕቅዱ እንዳይጸድቅለት። ሦስተኛ፣ የግቢያችን ጀነሬተር ከውጭው መስመር የሚለየው መቀየሪያ በትክክል መሥራቱ በባለሙያ ይታይ። ሌላውን ከመምከራችን በፊት የራሳችንን ደጅ እንጥረግ።

ያ የመስመር ሠራተኛ ሥራውን ጨርሶ ሲወርድ ውኃ አቀረብኩለትና፣ «ይህን ያህል ዓመት ሲወጡ አይሰለችዎትም? አይፈሩም?» ብዬ ጠየቅሁት። «እፈራለሁ እንጂ» አለኝ። «መፍራት የተውኩ ዕለት ለአለቃዬ ነግሬ መሬት ላይ እሠራለሁ። መውጣቱንማ ማንም ይወጣል፤ ልጆች አሉኝ፣ እኔ የምሠራው ለመውረድ ነው።»

በዚያን ዕለት ማታ መብራቱ ሲመጣ ከየመኝታ ክፍሉ እልልታ ተሰማ። ሰውየው ግን ገና ሳይመሽ ሄዶ ነበር፤ አመሰግናለሁ ያለው ሰው ስለ መኖሩም እጠራጠራለሁ። ያ ተማሪዬ ዛሬ በግራ እጁ መጻፍ ተምሮ የራሱን ትንሽ ሱቅ ይዟል። ሳገኘው እስከ ዛሬ «ቲቸር» ብሎ ይጠራኛል። ያን ስም በሰማሁ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ያልጻፍኳት መስመር ትታየኛለች። እናንተ ስትጠሩበት ሌላ ነገር እንድታዩ ነው ይህን የጻፍኩት። የተለየ ሐሳብ ያለው ካለ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ያለው ቦታ ክፍት ነው።

አንድ የሳይንስ መምህር፣ አረካ